ግራመርሊ፣ ፕሮራይቲንግኤይድ ወይስ መጽሐፍ? ለእንግሊዝኛችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

እንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚያርሙ አፖች መዓት ናቸው። ሁሉም በነጻ ያስጀምሩና ትንሽ ቆይተው ካርድ ይጠይቃሉ። ከአገር ቤት ሆኖ በዶላር መክፈል ደግሞ ራስ ምታት ነው። ብዙ ሰው ውጭ ያለ ዘመዱ ጋ ይደውላል። ከመደወላችሁ በፊት የትኛው ለማን እንደሚሆን እንይ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ። የምትፈልጉት የዛሬውን ጽሑፍ ማሳረም ነው ወይስ ራሳችሁ መጻፍ መቻል? አይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ ፈተና) የሚፈተን ተማሪ በጽሑፉ ክፍል በ60 ደቂቃ ሁለት ጽሑፎች ይጽፋል፤ አንዱ ቢያንስ 150፣ ሌላው ቢያንስ 250 ቃላት። በኮምፒውተር ቢፈተንም ስህተቱ ሥር የሚያሰምርለት አራሚ የለም። ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ግን ፈታኝ አይጠብቀውም። ረቂቁ ተጣርቶ ከወጣ ጉዳዩ አለቀ።

ግራመርሊ

በ2009 በዩክሬናውያን የተመሠረተ ነው። ምቾቱን የሚያህል የለም። ብራውዘር ላይ፣ ወርድ ውስጥ፣ የስልክ ኪቦርድ ላይ ሳይቀር ይገባል። ነጻው የፊደል፣ የነጥብና የተለመዱ የሰዋስው ስህተቶችን ይይዛል፤ ለኢሜይልና ለማመልከቻ ይበቃል። የሚከፈልበት ዓረፍተ ነገር መልሶ ይጽፋል፣ ከሌላ ቦታ የተቀዳ ጽሑፍም ይፈልጋል። ዋጋው በወር 30 ዶላር፣ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ለሚከፍል 144 ዶላር አካባቢ ነው። ቅናሽም ጭማሪም ስለማይጠፋ ሁልጊዜ ገጹን እዩ።

ተማሪ ላይ ያለው ችግር ይኸው ምቾቱ ነው። «ዘ» (the) የጎደለበት ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ትነኩታላችሁ፣ ይስተካከላል፣ ታልፋላችሁ። በሚቀጥለው ጽሑፍ ያው «ዘ» እንደገና ትጎድላለች። ሰዋስዉ ትክክል ሆኖ ሐሳቡ ከአማርኛ የመጣ ዓረፍተ ነገር ሲሆን ደግሞ አራሚው ዝም ሊል ይችላል። ቴሌቪዥን ክፈት ለማለት «ተርን ኦን» በማለት ፈንታ «ኦፕን ዘ ቲቪ» ብላችሁ ብትጽፉ የሰዋስው ሕግ አልተጣሰምና ላይይዘው ይችላል።

ልብ ወለድ ጸሐፊን ደግሞ ያበሳጨዋል። የገጸ ባሕርያችሁን ሰባራ እንግሊዝኛ ሊያቃናው ይፈልጋል። ቴዎድሮስንና ወይንሸትን በቀይ ያሰምርባቸዋል (ስሞቹን መዝገበ ቃላቱ ላይ መጨመር ይቻላል)። ያለውን ሁሉ ከተቀበላችሁ ታሪካችሁ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል።

ፕሮራይቲንግኤይድ

ረጅም ታሪክ ለሚጽፍ ሰው የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ስህተት ለቅሞ አያበቃም፤ በየዓይነቱ ሪፖርት ያወጣል። በአንድ ገጽ ላይ አንድ ቃል ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ፣ ዓረፍተ ነገሮቻችሁ ሁሉ እኩል ርዝመት ይዘው እንደሆነ፣ ታሪኩ የት ቦታ እንደሚንቀረፈፍ ያሳያል። የጽሑፉን ዓይነት መምረጥም ይቻላል። የመመረቂያ ጽሑፍንና ልብ ወለድን በአንድ ዓይን አያይም።

ነጻው በአንድ ጊዜ 500 ቃላት ብቻ ነው የሚያየው። ለአጭር ልብ ወለድ እየከፋፈሉ ማስገባት ይቻላል፤ ለረጅም ያደክማል። የዓመቱ ዋጋ 120 ዶላር አካባቢ ነው። ለዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ የሚከፈል 399 ዶላር የሚሆን አማራጭም አለው። ውድ ነው፣ አይካድም። ግን በየዓመቱ ዘመድ ማስቸገር ይቀራል። ጀማሪ ተማሪ ግን አይግዛው፤ በሪፖርት ብዛት ግራ ይጋባል።

ላንጉዊጅቱል

ስሙ ብዙ አይነሳም እንጂ ለኪስ የሚራራው እሱ ነው። በ2003 የተጀመረ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ነጻው በአንድ ጊዜ 10,000 ሆሄ ያርማል፤ አንድ የክፍል ሥራ በደንብ ይገባል። ጀርመንኛና ፈረንሳይኛም ስለሚያርም አውሮፓ ላላችሁ ሁለት ጉዳይ ይፈጽማል። ትንሽ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ራሱ ላፕቶፕ ላይ ሊጭነው ይችላል። ያኔ ያልታተመ ሥራችሁ ወደ ማንም ሰርቨር አይሄድም። የዓረፍተ ነገር ውበት ላይ ግን ከግራመርሊ ያንሳል።

ሄሚንግዌይ ኤዲተር

ይሄ ቀለም ቀቢ ነው። የተንዛዛውን ዓረፍተ ነገር በቢጫ፣ የባሰበትን በቀይ ያቀልማል። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው 20 ዶላር ገደማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ነው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ሰዋስው ያርምልኛል ብላችሁ ግን አትግዙት።

መጽሐፉስ?

ተማሪ ከሆናችሁ የመጀመሪያው ብር እዚህ ይውጣ። የሬይመንድ መርፊ «ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ» 145 ክፍሎች አሉት። በግራ ገጽ ማብራሪያ፣ በቀኝ ገጽ መልመጃ። መካከለኛ ደረጃ ላይ ላለ ሰው ነው። ገና ጀማሪ የሆነ ቀዩን፣ «ኢሴንሻል» የሚለውን ይያዝ። ስትገዙ ሽፋኑን አንብቡ። መልስ ያለውና መልስ የሌለው ሁለት ዓይነት እትም አለ። ብቻውን የሚያጠና ሰው መልስ የሌለውን ከገዛ ስህተቱን ማን ይነግረዋል? ኮፒ ከሆነ ደግሞ ገጾቹ መሟላታቸውን አገላብጣችሁ እዩ።

እንዴት ላጣምር?

ለተማሪ፦ መጽሐፉና ነጻ ላንጉዊጅቱል። መጀመሪያ ራሳችሁ አርሙ፣ ከዚያ አራሚው ያገኘውን ደብተር ላይ ጻፉና የመጽሐፉን ክፍል ክፈቱ። ቻትጂፒቲ የምትጠቀሙ ከሆነ «አታርምልኝ፣ ስህተቱን ጠቁመህ ምክንያቱን ንገረኝ» በሉት። አንቀጽ ሙሉ አያስጽፋችሁ። ዩኒቨርሲቲዎች የተቀዳ ጽሑፍ ለመያዝ የሚጠቀሙበት ተርኒቲን የተባለ ፕሮግራም ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ በማሽን የተጻፈ ጽሑፍ መለያ አለው። መለያው ሊሳሳት ቢችልም መምህሩ ፊት ቆማችሁ የምታስረዱት እናንተ ናችሁ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ልታስረክቡ ከሆነ የግራመርሊን የአንድ ወር ብቻ ክፈሉ፤ የዓመቱ አያስፈልግም። ልብ ወለድ ጸሐፊ አንድ ምዕራፍ በነጻው ፕሮራይቲንግኤይድ ይሞክር። ከሪፖርቶቹ ውስጥ የሚጠቅሙት ሁለት ሦስት ካገኘ ይግዛ። ገጣሚ ምንም አይግዛ።

የወሩን ስትከፍሉ በዚያው ቀን ገብታችሁ በራሱ የሚታደሰውን አጥፉት። የከፈላችሁት ወር እስኪያልቅ ይሠራል፤ የዘመዳችሁም ካርድ በሚቀጥለው ወር ሳይነካ ይቀራል።