የሱቅ ኪራይ ማስጠንቀቂያ፦ የድሬዳዋ ራፖር ጸሐፊዎች አገልግሎት ሲመዘን

በድሬዳዋ ፍርድ ቤቶች አካባቢ ራፖር ጸሐፊዎች፣ ማለትም ማመልከቻና ደብዳቤ በክፍያ የሚጽፉ ሰዎች፣ ለሱቅ አከራይ የሚያዘጋጁት ለተከራዩ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ቋንቋው ጨዋ፣ አቀማመጡም ንጹሕ ነው፤ እዚያው ቁጭ ብለው ያልቅልዎታል። ድክመቱ ቀኑ ላይ ነው።

ብዙዎቹ ያለቀለት ናሙና ስላላቸው ስምና ብር ብቻ ይቀይራሉ። «በ3 ቀን ከፍለው ይልቀቁ» የሚል ከሆነ አይፈርሙበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ኪራይ ላልከፈለ ተከራይ የሚሰጠው ጊዜ ውሉ የ1 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 30 ቀን፣ ካነሰ 15 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ተከራዩ እጅ ከገባበት ዕለት ጀምሮ ነው። ውላችሁ «ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈርሳል» ቢልም አያድንም፤ ይህን ጊዜ በስምምነት ማሳጠር አይቻልም። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ጸሐፊ ካገኙ ዋጋው ቢበዛም እሱ ዘንድ ያሠሩ። ለመኖሪያ ቤት ግን አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ስላለ የሱቁን ናሙና አይውሰዱለት።

ውሉን ይዘው ይሂዱ። ያልተከፈሉት ወሮች በስማቸው ከነብራቸው ይጻፉ፤ «ውዝፍ አለብዎት» ብቻ ማለት ለክርክር በር ይከፍታል። ጥፋቱ ሱቁን ለሌላ ሰው ማከራየት ከሆነ የተጣሰው የውል አንቀጽ ይጠቀስ፤ ሕጉ ይህን በጠቅላላው ስለማይከለክል ክልከላው የሚገኘው ውሉ ውስጥ ነው።

ስለ ማድረስ ግን ጸሐፊዎቹ ምንም አይነግሩዎትም፤ ዋናው ጭቅጭቅ የሚነሣው እዚያ ሆኖ ሳለ ይህ ያሳዝናል። ሁለት ቅጂ ያስወጡ። ተከራዩ በአንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ቀን ጽፎ ይፈርም። እምቢ ካለ፣ ሲሰጠው ያዩ ሁለት ምስክሮች ስምና ቀን ጽፈው ይፈርሙ፤ አለዚያ በፖስታ ቤት በአደራ ልከው ደረሰኙን ያስቀምጡ። በር ላይ መለጠፍ ብቻውን የደረሰበትን ቀን ለማስረዳት ያስቸግራል። መጋላም ሆነ ከዚራ ሰፈር አማርኛ ማንበብ የሚከብደው ነጋዴ አለ፤ በሱማሊኛ ወይም በኦሮምኛ የሚያስረዳው ሰው አብሮ ይሂድና ምስክር ይሁን። ሕጉ ባያዝም ለሰውየው ተገቢ ነው፣ ኋላም «አልገባኝም» ከማለት ያድናል።

ቀኑ ካለቀ በኋላ ቁልፍ መቀየር ወይም መብራት መቁረጥ ተከራዩን «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ከሳሽ ያደርገዋል። ማስለቀቅ በፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ለዚያ ክስ ጠበቃ ያማክሩ፣ የተፈረመበትን ቅጂም ይዘው ይሂዱ።