ሙሉ ግቢ ወይስ ኮንዶሚኒየም?

ጅማ ላይ ሦስት መኝታ ቤት ፍለጋ ስትወጡ የደላላው የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄው ነው። ሁለቱንም ዞሬ አየሁ።

ወደ ጅሬን መውጫ ያየሁት ሙሉ ግቢ ልብ ይሰርቃል። አቮካዶ አለው፣ ሁለት የቡና ዛፍ አለው፣ ልጆች እንደልባቸው ይሯሯጡበታል። ግን ሳሎን ገብቼ ቀና ስል ኮርኒሱ ላይ ቡና የተደፋበት የሚመስል የውሃ እድፍ አየሁ። አከራዩ «ትንሽ ነገር ናት» አለኝ። ትንሽ ከሆነች ለምን አልተሠራችም? የጅማን ዝናብ እኮ እናውቀዋለን!

ደግሞ የግቢው ኪራይ ብቻውን አያሳስታችሁ። ዘበኛ አለ፣ ግቢ የሚያጸዳ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባጃጅ አለ፤ ልጅ ለማድረስ፣ ለመመለስ፣ ሂርማታ ገበያ ለመውረድ፣ ማታ ኮንትራት ለመያዝ እያላችሁ ስትደምሩት ወር ሳይሞላ ኪስ ይራቆታል።

ኮንዶሚኒየሙ መርካቶ አጠገብ ነው፣ ሁሉም ነገር በእግር። ክፍሎቹ ጠበብ ይላሉ፣ በርበሬ ማስጫ የለም፣ ውሃ ሲጠፋ ጄሪካን ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት አለ። (ወገቤን ስል ግን አትሰሙኝም።)

ቅድመ ክፍያ ላይ ግን ሁለቱ አከራዮች ተለያዩ። የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ከሁለት ወር በላይ መቀበልን ይከለክላል፤ ውሉም ከሁለት ዓመት አያንስም ይላል። የኮንዶሚኒየሙ ባለቤት በዚሁ ተስማሙ። የግቢው «ስድስት ወር» አለ።

መኪና ካላችሁና ከዘመድ ጋር የምትጋሩት ከሆነ ግቢው ያዋጣል። እኔ ጄሪካን ገዝቻለሁ።