የብሬከር ሳጥኑን ማን ይንካው? የሰፈር ኤሌክትሪሻን፣ ሲኦሲ (የብቃት ምስክር ወረቀት) ያለው ባለሙያና ፈቃድ ያለው ተቋራጭ ሲነጻጸሩ

ምጣድ ተጥዶ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተጋገረ ብሬከሩ ይወርዳል። ቢያነሱት ትንሽ ሠርቶ ደግሞ ይወርዳል፤ ሊጡ ቡሃቃው ውስጥ እንዳለ ይቀራል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤት ኤሌክትሪሻን የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስቱን ዓይነት ባለሙያዎች በዚሁ ችግር ላይ ብናወዳድራቸው ልዩነታቸው ቶሎ ይታያል።

መጀመሪያ ሒሳቡ። 4 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 18 አምፔር ገደማ ይወስዳል። የቤት ብሬከር የሚሠራበት ደረጃ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ከተጻፈበት አምፔር 1.13 እጥፍ ሲያልፍበት አንድ ሰዓት ሙሉ መውረድ የለበትም፤ 1.45 እጥፍ ሲያልፍበት ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት። ለ16 አምፔር ብሬከር እነዚህ ወሰኖች 18 እና 23 አምፔር ናቸው። ምጣዱ ልክ ጠርዙ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። በዚያው መስመር ማቀዝቀዣ ከተሰካ፣ ሳጥኑ ከሞቀ ወይም የብሬከሩ ብሎን ከላላ ይወርዳል። ብሬከሩ አልተበላሸም፤ ሥራውን ነው የሠራው።

አንዱ ባለሙያ መጥቶ 16ቱን አውጥቶ 32 ያስገባና በአሥር ደቂቃ ጨርሶ ይሄዳል። ሌላው ብሬከሩን ከመንካቱ በፊት «ወደ ኪችን የሚሄደው ሽቦ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛው የቤቱን ዕቃ ሁሉ ዋት በዋት መዝግቦ «ይህ ቤት ሲንግል ፌዝ አይበቃውም» ሊል ይችላል።

የመጀመሪያውን መፍትሔ አንመክርም። በግድግዳ ውስጥ በቱቦ የተሳበ 2.5 የመዳብ ሽቦ (ቁጥሩ የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው) የሚችለው ቢበዛ 24 አምፔር አካባቢ ነው። 32 ብሬከር ግን 36 አምፔር እስኪሆን ድረስ ዝም ይላል። ሽቦው በግድግዳው ውስጥ ሲግል፣ ልባሱ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ የሚያቋርጠው ነገር የለም። ምጣዱ አሁን ሳይቆራረጥ ስለሚጋግር ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ ጉዳቱ የሚወጣው ወራት ወይም ዓመታት ቆይቶ ነው። ትክክለኛው ሥራ ከሳጥኑ ለምጣዱ ብቻ በ4 ሽቦ የራሱን መስመር ስቦ 25 አምፔር ብሬከር መስጠት ነው። ጫፉም ላይ ተራ ሶኬት አይሆንም፤ ተራ ሶኬት ከ13 ወይም ከ16 አምፔር በላይ እንዲሸከም አልተሠራምና ይቀልጣል።

የሰፈር ኤሌክትሪሻን

ስልክ ሲደወልለት በዕለቱ ይመጣል፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ሰፈሩን ያውቀዋል። ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሶኬት፣ የአምፖል መያዣ ለመቀየርና የተቃጠለ ብሬከር በዚያው አምፔር ለመተካት ከእሱ በላይ መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው። ወረቀት ሳይኖራቸው እጃቸው የተዋጣላቸው መኖራቸውም እውነት ነው።

ችግሩ መለኪያ የሌለው መሆኑ ላይ ነው። ቴስተር ካቻቪቴ፣ ፒንሳና ናስትሮ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚመጣበት ሽቦ) መኖሩን ሊነግርዎ ይችላል። ስንት አምፔር እንደሚያልፍ፣ የሽቦው ልባስ እንዳላፈሰ፣ ኧርዙ፣ ማለትም ያፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ መሬት በትክክል መያዙን ግን ሊያውቅ አይችልም። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ የጠቀለለው መጋጠሚያ ለአምፖል መስመር ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ 18 አምፔር በሚያልፍበት የምጣድ መስመር ላይ ግን የመጀመሪያው የሚቃጠል ቦታ እሱ ነው። ስለዚህ የሳጥኑን ክዳን የሚያስከፍት ሥራ፣ ብሬከርን በዚያው አምፔር ከመተካት ካለፈ፣ ለእሱ ባይሰጥ ይሻላል።

ሲኦሲ ያለው ባለሙያ

ለአብዛኛው መኖሪያ ቤት ምርጫችን ይህ ነው። የብቃት ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ፈተና ስላለው ቢያንስ የሽቦና የብሬከር አመጣጠንን ተጠይቆ ያለፈ ሰው ይመጣልዎታል። ወረቀቱን ሲያዩ ሙያውንም ያንብቡ፤ የፋብሪካ ማሽን ጥገና ምስክር ወረቀትና የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ምስክር ወረቀት አንድ አይደሉም። ሲኦሲ ብቻውንም ዋስትና አይደለም፤ የያዘውን መሣሪያ ይዩ። ክላምፕ ሜትር፣ መልቲ ሜትርና ሜገር ያለው ሰው ሥራውን ለመለካት አስቦ ነው የመጣው።

ሜገሩ በ500 ቮልት የሽቦውን ልባስ ይፈትሻል። ውጤቱ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ መስመሩ የሆነ ቦታ እያፈሰ ነው። ከመለካቱ በፊት ቴሌቪዥን፣ ራውተርና የመሳሰሉትን ካላስነቀለ ግን ዕቃዎን ሊያቃጥል ይችላል፤ ሳይነግሩት ራሱ «ሁሉንም ንቀሉ» ማለት አለበት።

ይህ ባለሙያ ከሰፈሩ ኤሌክትሪሻን ይበልጥ የሚለይበት ቦታ አርሲዲ ሲገጠም ነው። 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ በፌዝ የሄደው ኤሌክትሪክ በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) ካልተመለሰ ያቋርጣል፤ በቦይለርና በምጣድ አካባቢ ሰው የሚያድነው እሱ ነው። በቆዩ ቤቶች ግን የሁለት መስመር ኒውትራል ስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ውስጥ አንድ ላይ ታስሮ ይገኛል። በዚህ ሁኔታ አርሲዲው እንደተገጠመ ወዲያው ይወርዳል። የማያውቅ ሰው «ዕቃው ብልሽት አለበት» ብሎ ያወጣዋል፣ ወይም በሽቦ ያሻግረዋል። የሚያውቅ ሰው ስካቶላዎቹን ከፍቶ ኒውትራሎቹን በየመስመራቸው ይለያል። ግማሽ ቀን ሊፈጅ የሚችለውና ተጨማሪ ክፍያ የሚያስጠይቀው ይህ ሥራ ነው፤ ሊከፈልበትም ይገባል። ቦይለር ሲበራ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ በአብዛኛው የቦይለሩ ማሞቂያ ነው፤ አርሲዲውን ማስወጣት አደጋውን ቤት ውስጥ መተው ነው።

ኧርዝ ሌላው መለያ ነው። ድሮ ኧርዙን ከብረት የውሃ ቧንቧ ጋር ማሰር የተለመደ ነበር። ቧንቧው በፕላስቲክ ሲተካ ኧርዙም አብሮ ይጠፋል፣ ሽቦው ግን ቦታው ላይ ስላለ ያለ ይመስላል። መሬት የተቀበረውን ዘንግ በኧርዝ መለኪያ ለክቶ ስንት ኦም እንደሆነ የሚነግርዎን ይምረጡ። ከ10 ኦም በታች ማድረስ የተለመደ ግብ ነው፤ በበጋ መሬቱ ሲደርቅ ቁጥሩ እንደሚጨምርም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ፈቃድ ያለው ተቋራጭ

ከሲንግል ፌዝ ወደ ስሪ ፌዝ ለሚሸጋገር ቤት፣ ለጂ ፕላስ አንድና ከዚያ በላይ፣ ተከራይ ለሚያድርበት ግቢ፣ እንዲሁም ለኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ተቋራጭ ማነጋገር ያዋጣል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህ የመጨረሻው ሥራ በዝቷል። 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር 32 አምፔር ለሰዓታት ሳያቋርጥ ይስባል፤ ምጣድ እንኳ እያረፈ ነው የሚሠራው። የራሱ 10 ሽቦ፣ የራሱ 40 አምፔር ብሬከርና ለቻርጀር የሚሆን አርሲዲ ይፈልጋል። ተራው አርሲዲ ከመኪናው በሚመጣ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ሊደነዝዝ ስለሚችል፣ ቢ የተባለው ዓይነት ወይም ይህን የሚከላከል ቻርጀር ያስፈልጋል። ይህን ያልጠቀሰ ተቋራጭ ቻርጀር ገጥሞ አያውቅም ብለው ይገምቱ።

ጥቅሙ ወረቀቱ ነው፦ የጭነት ሒሳብ፣ ንድፍ፣ የመለኪያ ውጤት፣ ውል። ከኢነርጂ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የተሰጠ የብቃት ማረጋገጫና የታደሰ ንግድ ፈቃድ ይጠይቁ። ጉዳቱ ዋጋው ብቻ አይደለም። ለአንድ መስመር ብለው ከደወሉ ቀጠሮው ይጓተታል፤ ባለሙያው ሌላ ሥራ ላይ ሆኖ የሚላከው ሠራተኛም ሲኦሲ የሌለው ሊሆን ይችላል። «እጁን የሚያስገባው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ስሪ ፌዝ ላይ ለምን እንጠነቀቃለን? ኒውትራሉ ከላላ ወይም ከተበጠሰ በአንዱ ፌዝ ላይ ያለው 220 ቮልት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ማቀዝቀዣው፣ ቴሌቪዥኑና ቻርጀሩ በአንድ ቅጽበት ይነዳሉ፤ ብሬከሩ ግን አይወርድም፣ የሚጠብቀው አምፔርን እንጂ ቮልትን አይደለምና። የኒውትራልን ብሎን አጥብቆ የሚፈትሽ፣ የቮልቴጅ መከላከያም የሚያስገባ ሰው እዚህ ላይ ዋጋውን ያወጣል።

ሦስቱም የማይነኩት ክፍል

ከፖል እስከ ቆጣሪው ያለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የቆጣሪውን እሽግ «እኔ እከፍተዋለሁ» የሚል ሰው የየትኛውም ዓይነት ቢሆን ይሸኙት፤ ተጠያቂው ባለ ቆጣሪው ነው። የጎረቤት መብራት እያለ የእርስዎ ብቻ ከደበዘዘ፣ ወይም ቆጣሪው አካባቢ የተቃጠለ ሽታ ካለ፣ ለአገልግሎቱ ማመልከት ነው። ከፖል የሚመጣው ገመድ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም፣ የቤቱ ሽቦ መዳብ ነው። ሁለቱ በቀጥታ ከተጠማዘዙ በጊዜ ብዛት ይዝጋሉ፣ ይግላሉ፤ ለሁለቱ የተሠራ ማገናኛ ያስፈልጋል። ስሪ ፌዝ ማስገባትም የሚጀምረው ከአገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ማመልከቻ ነው። ሳጥን ቀድሞ ገዝቶ መጠበቅ አይመከርም።

ከመቅጠር በፊት በስልክ

የሳጥኑን ክዳን ሳይፈቱ፣ በሩን ብቻ ከፍተው ፎቶ ያንሱና በቴሌግራም ይላኩለት፤ የምጣዱንና የቦይለሩን ዋት ጨምሩበት። ከዚያ መልሱን ያዳምጡ። ስለ ሽቦ ውፍረት፣ ስለ ዋናው ብሬከርና ስለ ኧርዝ ሳይጠይቅ ዋጋ የተናገረ ከሆነ ሌላ ይደውሉ። ለማመሳከር ያህል፦ 1.5 ሽቦ በ10 አምፔር፣ 2.5 በ16 (ቢበዛ በ20)፣ 4 በ25፣ 6 በ32 ብሬከር ይጠበቃል። ከዚህ የራቀ ቁጥር ከሰሙ ምክንያቱን ያስረዳዎት።

የጠቅላላ ጭነቱንም ራስዎ መገመት ይችላሉ። 4,000 ዋት ምጣድ፣ 1,500 ዋት ቦይለርና 2,000 ዋት ስቶቭ አንድ ላይ ሲበሩ 7,500 ዋት፣ ማለትም 34 አምፔር ገደማ ነው። ዋናው ብሬከር 32 ከሆነ ከልኩ በላይ ተጭኗል፤ የውስጡን ሳጥን ቢቀይሩትም ችግሩ አይፈታም። ቦይለሩን ከምጣዱ ጋር ያለማብራት ነጻ መፍትሔ ነው፤ ይህን ቀድሞ የነገረዎት ሰው ሐቀኛ ነው።

ዕቃው በማን ይገዛ?

የሥራውን ዋጋ በፖይንት (በእያንዳንዱ የአምፖል ወይም የሶኬት ቦታ)፣ የሳጥኑን ደግሞ ለብቻ ያስቆርጡ፤ ዕቃውን ራስዎ ይግዙ፣ ወይም አብረው ሄደው በደረሰኝ ይግዙ። ከሱቅ ኮሚሽን የሚያገኝ ሠራተኛ መኖሩ የታወቀ ነው፤ መፍትሔው ዝርዝሩን በጽሑፍ ተቀብሎ መርካቶ ሁለት ሦስት ሱቅ መጠየቅ ነው። ብሬከሩ ላይ ሲ16 ወይም ሲ25 የሚለው፣ በአራት ማዕዘን ውስጥ 6000 የሚለውና 60898 የሚለው የደረጃ ቁጥር መታተም አለባቸው። የሽናይደርና የኤቢቢ ስም የለበሱ አስመሳዮች ስላሉ ስሙን ብቻ አይመኑ።

ሽቦ ላይ መሸወድ ይበልጥ ቀላል ነው። ባለ አንድ ዘንግ 2.5 ሽቦ ራቁቱን በካሊፐር ሲለካ 1.78 ሚሊ ሜትር፣ 4 ደግሞ 2.26 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። መቶ ሜትር ጥቅል 2.5 ከነልባሱ 3 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል። ሁለት ኪሎ ከሆነ ወይ ቀጭን ነው፣ ወይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ጫፉን በቢላ ሲፍቁት ነጭ ይወጣል። ሳጥኑን ደግሞ ሰፋ አድርገው ይግዙ፤ ስምንት ብሬከር የሚያስፈልገው ቤት ባለ 12 ቦታ ሳጥን ይውሰድ።

ርክክብ

ቀብድ ይስጡ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ግን እንዲህ ካዩ በኋላ። ክዳኑ እንደተከፈተ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ እያደረገ ያሳይዎት፤ መብራቱ ጠፍቶ፣ መጥፋቱም በመለኪያ ተረጋግጦ። በብሎኑ ሥር የገባው መዳብ እንጂ የሽቦ ልባስ መሆን የለበትም፤ ልባሱ ላይ የጠበቀ ብሎን ጠንካራ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ይግላል። ብሬከሮቹን የሚያገናኘው ማበጠሪያ መሳዩ የመዳብ ባር ነው ወይስ ቁርጥራጭ ሽቦ? ኒውትራልና ኧርዝ በተለያየ ባር ላይ ናቸው? በእያንዳንዱ ብሬከር ላይ «ምጣድ»፣ «ቦይለር»፣ «ሳሎን ሶኬት» ተብሎ ተጽፏል?

ክዳኑ ተመልሶ መብራት ሲመጣ የአርሲዲውን የመፈተሻ ቁልፍ ተጫኑ፤ ወዲያው መውረድ አለበት። ከዚያ ምጣዱን ለአንድ ሰዓት ያብሩና እጅዎን በክዳኑ ላይ፣ በምጣዱ ብሬከር አቅጣጫ ያሳርፉ። ለብ ማለቱ ያለ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካለ ምጣዱን አጥፍተው፣ ባለሙያው ከግቢው ሳይወጣ ክዳኑን እንደገና ያስከፍቱት።