የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፕ ሲግል፦ የትኛውን ፔስት ልግዛ?

ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ ሲሙሌሽን የምታስሮጡ ተማሪዎች፣ በጥር የሠርግ ቪዲዮ የምትቆርጡ ኤዲተሮች፣ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሬንደሩ ይጀመራል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ትንሽ ቆይቶ ላፕቶፑ ይንቀረፈፋል። ጥገና ቤት ስትወስዱት መልሱ ያው ነው፦ «ፔስቱ ደርቋል፣ ይቀየር።» ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው፤ ፔስት በቺፑና በሂትሲንኩ፣ ማለትም ሙቀቱን በሚቀበለው መዳብ፣ መካከል የሚቀባው ነገር ነው። ግን በምን ይቀየር?

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ለላፕቶፕ ጂፒዩ (ለግራፊክስ ቺፑ ማለት ነው) የመጀመሪያ ምርጫዬ የሃኒዌል ፒቲኤም 7950 ነው፤ በሽሪንጅ ሳይሆን በስስ ወረቀት መልክ የሚመጣ። እሱ ካልተገኘ ኤምኤክስ-6 የሚባለው ፔስት። ክራዮኖት የሚባለው ፔስት ስሙ ትልቅ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ገንዘቤን አላወጣበትም። ሊኩዊድ ሜታል (ፈሳሽ ብረት) ደግሞ ይቅርባችሁ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ አየራችን አንድ ነገር። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። አየሩ ስስ ነው ማለት ነው። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቀኑ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ፋኑ የሚስበው አየር ራሱ ሞቃት ነው። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ የተቀረጸ የዩቲዩብ ሙከራ 72 ዲግሪ ካሳየና የእናንተ ከዚያ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ካለ፣ ፔስቱን ብቻ አትውቀሱ። የፔስት ሥራ ሙቀቱን ከቺፑ ወደ መዳቡ ማሻገር ነው። ከመዳቡ ወደ ውጭ የሚያወጣው ፋኑ ነው።

ከመግዛት በፊት

ኤችደብሊውኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ጫኑትና ጌም ወይም ሬንደር እየሠራ ሁለት ቁጥር ተመልከቱ፤ የጂፒዩውን ሙቀትና «ሆት ስፖት» የሚለውን፣ ማለትም የቺፑን በጣም የጋለ ነጥብ። ብዙ የኤንቪዲያ ላፕቶፕ ቺፖች 87 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። መንቀርፈፉ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ዋናው ቁም ነገር በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ከሆነ ፔስቱ ሥራውን እየሠራ ነው። 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይ ፔስቱ ከቺፑ ላይ ሸሽቷል፣ ወይ ሂትሲንኩ እኩል አልተጫነም። ሁለቱም ተያይዘው ከፍ ካሉና ልዩነታቸው ትንሽ ከሆነ ግን ፔስት ለመግዛት አትቸኩሉ። አቧራ ጠርጥሩ።

አቧራው ከላይ አይታይም። የኋላ ክዳኑን ስትከፍቱ ፋኑ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ክምችቱ ያለው በፋኑና በመዳብ ክንፎቹ መካከል ነው። ፋኑን ስትነቅሉ ጥቅጥቅ ያለ ግራጫ ንጣፍ ቀዳዳዎቹን ከዳር እስከ ዳር ደፍኗቸው ታያላችሁ። በጣት ሲይዙት አንድ ላይ ተላቅቆ ይመጣል። በብሎወር የምትነፉ ከሆነ ፋኑን በእንጨት ነገር ያዙት፤ እንዲሁ ከነፋችሁት ከአቅሙ በላይ ይሽከረከርና ይበላሻል። ይህ ብቻ ችግሩን ከፈታላችሁ የፔስቱ ገንዘብ ተረፈ።

ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር

የፔስት ማሸጊያ ላይ በዋት በሜትር ኬልቪን የሚጻፍ ቁጥር አለ። ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙን ይናገራል። ኤችዋይ510 የሚባለው ርካሽ ግራጫ ፔስት 1.93 ይላል። ጂዲ900 4.8፣ ኤምኤክስ-4 8.5፣ ክራዮኖት 12.5። ሰው ይህን ያይና ትልቁን ይመርጣል። ግን ቁጥሩን የሚያወጣው አምራቹ ራሱ ነው፣ አለካኩም ከአንዱ አንዱ ይለያያል። ከዚህም በላይ በደህና ፔስቶች መካከል በተግባር የሚታየው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ነው፤ ያውም በመጀመሪያው ሳምንት።

ላፕቶፕ ጂፒዩ ላይ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር የብረት ክዳን አለው። የላፕቶፕ ጂፒዩ የለውም፤ መዳቡ በቀጥታ ራቁቱን ሲሊከን ላይ ያርፋል። ቺፑ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። መዳቡም እንዲሁ፣ ግን በሌላ መጠን። ይህ ሲደጋገም መሃል ላይ ያለውን ፔስት እየገፋ ወደ ጠርዝ ያስወጣዋል። ዓመት ከርሞ ስትከፍቱት በቺፑ ዙሪያ ግራጫ ጭቃ ተከምሮ፣ መሃሉ ላይ ሲሊከኑ ጥርት ብሎ ሲያበራ ታያላችሁ። ፔስት ሳይደርቅም ቦታውን ሊለቅ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ለላፕቶፕ ስትገዙ ከቁጥሩ ይልቅ ውፍረቱን ጠይቁ። ቀጭኑ ቶሎ ይሸሻል።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ።

ኤችዋይ510 እና መሰሎቹ፦ ዋጋቸው ርካሽ ነው፤ ከአሮጌ ደረቅ ፔስት ይሻላሉ፣ በቃ። ለቢሮ ላፕቶፕ ይሁን፤ ጂፒዩውን ለሚያሠራ ሰው ግን ከጥቂት ወር በኋላ እንደገና ክፈት ክደን ነው። ጂዲ900 ከእሱ ይሻላል፣ ለአስቸኳይ ጊዜ ይሆናል። ኮልጌት ቀብተው ስለሚያሳዩ ቪዲዮዎች ደግሞ ምን እላለሁ። ውኃው እስኪደርቅ ይሠራል። ከዚያ የሚቀረው ጠመኔ ነው።

ኤምኤክስ-4 ወይስ ኤምኤክስ-6? ሁለቱም የአርክቲክ ናቸው፣ ሁለቱም ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም። ቢፈስ ቦርድ አያቃጥልም፤ ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኤምኤክስ-4 ቀጭን ነው፣ በቀላሉ ይቀባል። ዴስክቶፕ ላይ እወደዋለሁ። ኤምኤክስ-6 በ2022 የወጣ ሲሆን በጣም ወፍራም ነው። ለመቀባት ያስቸግራል፤ ሽሪንጁን ለጥቂት ደቂቃ በእጃችሁ አሙቁት። ያ ውፍረቱ ግን ራቁት ቺፕ ላይ ቦታውን እንዲይዝ ይረዳዋል። የዋጋ ልዩነታቸው ትንሽ ስለሆነ ለላፕቶፕ ኤምኤክስ-4 የምትገዙበት ምክንያት አይታየኝም፣ ኤምኤክስ-6 ካልጠፋ በቀር። ደግሞ የኤምኤክስ-4 አስመሳይ ብዙ ነው። አርክቲክ እውነተኛነቱን በድረ ገጹ የምታረጋግጡበት ኮድ ማሸጊያው ላይ ያደርጋል፤ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ በስልካችሁ አረጋግጡ። ባለሱቁ ቢገላምጣችሁም ችግር የለውም።

ለአንድ ቺፕ ግማሽ ግራም እንኳ አይፈጅም። ስለዚህ የ4 ግራም ሽሪንጅ ለዶርም ጓደኞች በመዋጮ ቢገዛ ለሁሉም ይበቃል።

ክራዮኖት ሲቀባ ጎበዝ ነው። የመጀመሪያው ቀን ውጤቱ ያስደስታል። ነገር ግን አምራቹ ቴርማል ግሪዝሊ ራሱ ስለዚህ ፔስት ሲናገር መድረቅን የሚከላከለው እስከ 80 ዲግሪ ነው ይላል። የእናንተ ጂፒዩ ሚያዝያ ላይ ስንት ነው? ከ80 በላይ ለሰዓታት የሚቆይ ከሆነ በውድ የገዛችሁት ፔስት በወራት ውስጥ ይከዳችኋል። ለቀዝቃዛ ዴስክቶፕ ይሁን።

ፒቲኤም 7950

ይህ ፔስት አይደለም። 0.25 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ግራጫ ወረቀት መሳይ ነው። በክፍል ሙቀት ጠጣር ነው፤ 45 ዲግሪ ላይ እንደ ሻማ ሰም ይለሰልስና በቺፑና በመዳቡ መካከል ያለውን ጥቃቅን ክፍተት ይሞላል። ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል። የማስተላለፍ ቁጥሩ 8.5 ነው፤ ከክራዮኖት ያንሳል። ግን ሲለሰልስም ወፍራም ስለሆነ ወደ ጠርዝ አይሸሽም። ሌኖቮ በአንዳንድ ሌጊዮን ላፕቶፖቹ ላይ ከፋብሪካው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንዴ ሠርተው ለዓመታት መርሳት ለሚፈልጉ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ችግሩ አገኛኘቱ ነው። ባሕር ዳር ሱቅ ላይ ገብታችሁ «ፒቲኤም አለ?» ብትሉ ብዙው ባለሱቅ ምን እንደሆነ ይጠይቃችኋል። አዲስ አበባ ያለ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው ማስቸገር ሊኖርባችሁ ነው። አስመሳዩም ብዙ ነው፤ ሰፊ ወረቀት በማይረባ ዋጋ ከቀረበላችሁ ተጠራጠሩ። ቴርማል ግሪዝሊ ፌዝሺት ፒቲኤም ብሎ የሚሸጠው ተመሳሳይ ዕቃ አለ፣ እሱም ይሆናል። የሚያመጣላችሁ ሰው በመኪና ከሆነ ዳሽቦርድ ላይ እንዳያስቀምጠው ንገሩት። አባይ በረሃን እስኪሻገር 45 ዲግሪው እዚያው ሊሞላና ወረቀቱ ከላስቲኩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል።

አለጣጠፉ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ከእነላስቲኩ ለ15 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፤ ሲጠጥር ላስቲኩ ሳይቀድደው ይላቀቃል። በቺፑ ልክ ወይም ትንሽ ተርፎ እንዲሆን ቁረጡት። የታችኛውን ላስቲክ ላጡና ቺፑ ላይ አሳርፉት፣ ከዚያ የላይኛውን። ጥግ ላይ ቢቀደድ የተቀደደውን መልሳችሁ አጠገቡ አድርጉት፣ ሲሞቅ ይገናኛል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሙቀቱ ከፍ ቢል ተታለልኩ አትበሉ። ጥቂት ጊዜ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ነው የሚደላደለው። ሂትሲንኩን እንደገና ካነሳችሁ ግን አዲስ ቁራጭ ያስፈልጋል።

ሊኩዊድ ሜታል

ኮንዳክቶኖት የሚባለው ሊኩዊድ ሜታል ማሸጊያው ላይ 73 ይላል። ቁጥሩ ያጓጓል። የጋሊየም ቅይጥ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየም ከነካ ይበላዋል። ላፕቶፕ በቦርሳ ይዛችሁ ከአባይ ማዶ ፔዳ በባጃጅ በኮብልስቶን ስትንገጫገጩ አንዲት ጠብታ ብታመልጥ ቦርዱ አለቀ። ፕሌይስቴሽን 5 ውስጥ አለ የሚል ይኖራል። አዎ፣ ግን እዚያ ፋብሪካው ዙሪያውን አጥሮለታል፤ ፕሌይስቴሽንም በባጃጅ አይመላለስም።

ፓዱን አትርሱ

በጂፒዩው ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ጥቁር ቺፖች ሜሞሪዎቹ ናቸው። እነሱ ፔስት የላቸውም። በእነሱና በሂትሲንኩ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ለስላሳ ቴርማል ፓድ ይሞላዋል። ፔስት ለመቀየር ስትከፍቱ ፓዱ አንዳንዴ ይቀደዳል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥገና የሚበላሸው። አንዳንዱ ባለሙያ የተቀደደውን ይጥልና በቦታው ፔስት ይደፋበታል። ፔስት የአንድ ሚሊሜትር ክፍተት አይሞላም። ጂፒዩው ይቀዘቅዛል፣ ሜሞሪው ይቃጠላል፤ ባለቤቱም የስክሪኑ መንቀጥቀጥ ከየት እንደመጣ ግራ ይገባዋል።

ፓድ በ0.5፣ በ1፣ በ1.5 እና በ2 ሚሊሜትር ይሸጣል። በግምት አትግዙ። ከሳሳ ሜሞሪውን አይነካም። ከወፈረ የባሰ ነው፤ ሂትሲንኩን ወደ ላይ ያነሳውና ጂፒዩው ራሱ መዳቡን በደንብ አይነካም። የላፕቶፓችሁን ሞዴል ይዛችሁ ልኩን አስቀድማችሁ ፈልጉ። ልኩ ካልታወቀ ቴርማል ፑቲ የሚባል ሊጥ መሳይ ነገር አለ፤ እንደ ክፍተቱ ልክ ተጨፍልቆ ይሞላል። ከተገኘ ከፓድ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ራሴ ልሥራ ወይስ ላሠራ?

ዋስትናው ያላለቀ ላፕቶፕ አትክፈቱ። ካለቀ፣ እጃችሁ ካልተንቀጠቀጠና ጥሩ ካቻቪቴ ካላችሁ ትችላላችሁ። መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ። የሂትሲንኩ ብሎኖች አጠገብ ቁጥር ተጽፏል፤ ስታስሩ በዚያ ቅደም ተከተል፣ ስትፈቱ በተገላቢጦሽ፣ ሁሉንም ትንሽ በትንሽ። የድሮውን ፔስት ለማጽዳት 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ይመረጣል። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለው በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። ካቲካላ አይሆንም፣ እሱ የተሻለ ሥራ አለው።

የምታሠሩ ከሆነ ፔስቱን ራሳችሁ ገዝታችሁ ሂዱ። «ወንድሜ፣ ፓዱ ቢቀደድ በምን ትተካዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። እሱ የፓዱን ልክ ከጠየቃችሁ ወይም ፑቲ ካሳያችሁ ስጡት። «ችግር የለም፣ ፔስት እናበዛበታለን» ካለ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ፉርማርክን (ጂፒዩውን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራ መሞከሪያ ፕሮግራም) ለ15 ደቂቃ ያህል አስሩጡና የጂፒዩውንና የሆት ስፖቱን ልዩነት እዩ። መብራት ጠፍቶ ከሆነ በባትሪ አትለኩት፤ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ጂፒዩው ጉልበቱን ስለሚቀንስ ቁጥሩ ሁልጊዜ ያማረ ነው። መብራት እስኪመጣ ጠብቁ፣ ወይም በነጋታው ከነቻርጀሩ ተመለሱ።