የአክሽን ካሜራ ደረት ማሰሪያ በደንገጎ ቁልቁለት፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

በተራራ ብስክሌት ስንወርድ ካሜራው የት ይታሰር ለምትሉ መልሴ ደረት ላይ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ከደንገጎ ወደ ድሬ በሚያወርዱት የእግር መንገዶችና ሐረር ሐኪም ጋራ ላይ አንድ የደረት ማሰሪያ ስጠቀም ከርሜያለሁ። ከእሱ በፊት መሪና ሄልሜት ላይም አስሬ ቀርጬአለሁ።

የመሪውን ቶሎ ልለፈው። አስፋልት ላይ ደህና ነው። ጠጠር ሲመጣ ግን ንዝረቱ በቀጥታ ካሜራው ውስጥ ይገባል፣ መሪው በዞረ ቁጥርም ምስሉ አብሮ ይዞራል። የካሜራው ማረጋጊያ ትልልቁን መንገጫገጭ ይችለዋል፣ ጥቃቅኑን ንዝረት ግን አይችለውም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ይብሳል፤ ብርሃን ሲያንስ ካሜራው እያንዳንዱን ምስል ለመያዝ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ ንዝረቱ ምስሉን ያደበዝዘዋል፣ አንዴ የደበዘዘውን ማረጋጊያው አያጠራውም። ከ11 ሰዓት በኋላ የምትወርዱ ከሆነ ይህ ደረት ላይም ያጋጥማችኋል። ጠዋት ይሻላል።

ሄልሜት ላይ ምስሉ የተረጋጋ ነው፣ አንገት ንዝረቱን ይውጠዋል። ያልወደድኩለት ቁልቁለቱን ሜዳ ማስመሰሉን ነው። ፍሬን ጨብጬ፣ ትንፋሼን ውጬ የወረድኩበት ድንጋይ ቪዲዮው ላይ ተራ መንገድ ይመስላል። ግራሩም አለ። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ስር ስታልፉ ከሄልሜቱ በላይ የወጣው ካሜራ ይያዝና አንገትን ወደ ኋላ ይስባል። ለዚህ ስል ብቻ እንኳ እተወው ነበር።

ደረት ላይ ሲሆን ሁለቱ ክንዶች፣ መሪውና የፊት ጎማው ጫፍ ምስሉ ውስጥ ይገባሉ። ተመልካቹ የመንገዱን አወራረድ የሚረዳው ከእነሱ ነው፤ ክንዶቹ ሲዘረጉና መሪው ወደ ታች ሲሸሽ ያያል። ደንገጎን እንዳለ ያሳየኝ ይህ አተሳሰር ብቻ ነው።

ሥራ የሚጠይቀው አንግሉ ነው። ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ ሌንሱን ፊት ለፊት ካደረጋችሁት፣ ፔዳል ላይ ቆማችሁ ስታጎነብሱ የሚቀርጸው ጎማውን ብቻ ይሆናል። እኔ ብስክሌቱ ላይ ወጥቼ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ ክርኔን ከፍቼ ልክ እንደምወርደው ሆኜ ነው የማስተካክለው። ወርጄ ቀና ስል ሌንሱ የዛፍ ጫፍ ማየት አለበት። ማያያዣው ወደ ላይ የሚበቃውን ያህል ካልዞረ ካሜራውን ዘቅዝቃችሁ እሰሩት፤ አብዛኞቹ ካሜራዎች ምስሉን ራሳቸው ይገለብጡታል። ጎንበስ ብላችሁ መቅረጫውን ስትጫኑ እንዳይሳሳት ግን አቅጣጫውን ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቆልፉት።

ዳገት ላይ ደረት በትንፋሽ ሲሰፋ የጠበቀ ማሰሪያ ያፍናል። ስለዚህ ዳገቱን አላልቼ እወጣለሁ፣ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ቆሜ አጠብቃለሁ። የውሃ ቦርሳ ከያዛችሁ ማሰሪያው ቀድሞ፣ ቦርሳው ከላይ ይሁን።

ላስቲኩ አልበረከተም። የድሬ ፀሐይና ላብ ተባብረው አላሉት፣ ካሜራው በየድንጋዩ ይነጥር ጀመር። ሐረር መኪና ግርግር ለሚሰፉ አንድ አባት ወሰድኩላቸው። ገለባብጠው አዩትና የትከሻዎቹን ላስቲኮች ፈትተው በማይለጠጥ የሻንጣ ማንገቻ ተኩልኝ፤ በጎን የሚዞረውን ላስቲክ ብቻ አዲስ አደረጉት። ለትንፋሽ የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ካሜራው አልነጠረም። ከፋብሪካ ሲወጣም እንዲህ ተደርጎ መሠራት ነበረበት፤ በዚህ ነገር በጣም ነው ያዘንኩት።

ባለ ጥርሱን ማያያዣ የምትይዘው ብሎን በንዝረት ትላላለች። በየእረፍቱ ንኳት፣ ካሜራውንም በቀጭን ጠንካራ ገመድ ከማሰሪያው ጋር አያይዙት።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ ልዩነቱን ካሜራውም ያውቀዋል። ድሬ ላይ በ4ኬ ጥራት፣ በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) እየቀረጽኩ ጓደኛ ለመጠበቅ ስቆም ግሎ ራሱን ያጠፋል። የሚያቀዘቅዘው ስንሄድ የሚመጣው ንፋስ ስለሆነ ስቆም አጠፋዋለሁ፣ ቆላው ላይ ስደርስም ወደ 30 ፍሬም አወርደዋለሁ። ሐረር ላይ ይህ ችግር አልገጠመኝም።

ጁገል፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ውስጥ ግን ይህ ማሰሪያ አይሆንም። መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፣ ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ደረትም ከቆመ ሰው ፊት ብዙ አይርቅም። በር ላይ የተቀመጡ እናቶች ሳይጠየቁ መቀረጽ አይወዱም፤ ልክም ናቸው። የግንቡ በር ጋ ስደርስ ካሜራውን ነቅዬ ቦርሳ ውስጥ አስገባዋለሁ። ኬላ ላይም እንደዚሁ አደርጋለሁ፣ ወታደሩ ሳይጠይቀኝ በፊት።