እንጥል ተቆርጦም ትንፋሽ ከተቆራረጠ፦ ሲፓፕ፣ የጥርስ መሣሪያ ወይስ ሌላ ቀዶ ጥገና?

«እንጥሌንም ቶንሲሌንም አስወጣሁ፣ ሌሊት ትንፋሼ አሁንም ይቆማል፤ ምን ልግዛ?» ለሚል ሁሉ መልሱ አጭር ነው፦ ኦቶ ሲፓፕ (በእንቅልፍ ጊዜ አየር በግፊት እየነፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ፣ ግፊቱንም ራሱ የሚያስተካክል ማሽን)፣ አፍና አፍንጫን አብሮ ከሚሸፍን ማስክ ጋር።

ብሩ ከኪስ ሳይወጣ ግን የእንቅልፍ ምርመራው ይደገም። ቀዶ ጥገናው ላንቃ ጋ ያለውን መተላለፊያ ያሰፋል እንጂ ምላስ ከሥሩ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮ ሲዘጋ አያግድም። ማንኮራፋት ቀነሰ ማለት ተዳነ ማለት አይደለም፤ ትንፋሽ ያለ ድምፅም ይቆማል። በሰዓት ከ30 ጊዜ በላይ ከሆነ ከባድ ነው።

የድሮው የግፊት ቁጥር ከቀዶ ጥገናው በኋላ ላይሠራ ይችላል፤ ኦቶው የተመረጠው ለዚህ ነው። ከፋብሪካ ግፊቱ ከ4 እስከ 20 (በሴንቲሜትር ውሃ) ተከፍቶ ይመጣል፤ በ4 አየር ያጠረው ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ማስኩን አውልቆ ይጥላል። ክልሉን ሐኪም ያጥብበው። የልብ ድካም ያለበት ሰው ግን ኦቶ በራሱ ፈቃድ አይግዛ።

የአፍንጫ ማስክ ቀላል ቢሆንም እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ ያስከፋል። ላንቃው ስላጠረ አፍን ከኋላ የሚዘጋው ሥጋ ያንሳል፣ ግፊቱ ሲጨምር አየሩ በአፍ ያመልጣል። ሬስሜድ የተባለው ኩባንያ ማሽን ላይ የሚያመልጠው አየር በደቂቃ ከ24 ሊትር ካለፈ ሕክምናው ተበላሽቷል።

ዋጋ፦ አሜሪካ አዲሱ በግምት ከ500 እስከ 1,000 ዶላር፣ ማስኩ 100 ገደማ። ያገለገለ በግማሽ ዋጋ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደሠራ እዩ። ማሽኑ ሲበራ «ሞተር ላይፍ ኤክሲድድ» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ሞተሩ የታሰበለትን ዕድሜ ጨርሷል። የፊሊፕስን ሲፓፕ፣ የመጀመሪያውን ድሪምስቴሽን ደግሞ በነፃም አትቀበሉ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ከገበያ እንዲመለስ የጠራው ውስጡ ያለው ድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ ስለሚፈረፍር ነው፣ ጥቁሩ ብናኝ ከአየሩ ጋር ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በኦዞን የጸዳ ከሆነ ይብሳል።

የጥርስ መሣሪያ ሁለተኛ ምርጫ ነው፣ በተለይ ሕመሙ ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነ። ጥርስ ሐኪም ለክቶ የሚያሠራው አሜሪካ 2,000 ዶላር አካባቢ ይደርሳል፤ የታችኛውን መንጋጋ በጥቂቱ ወደ ፊት እየገፋ ይስተካከላል። በሙቅ ውሃ ለስልሶ የሚነከሰው ከ100 ዶላር በታች ነው፣ ግን በደንብ አይስተካከልም፣ ሌሊት ይወልቃል። ሁለቱም ከጊዜ በኋላ ንክሻን ሊያዛንፉ ይችላሉ።

ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ተቀብሮ የምላስ ነርቭ የሚያነቃቃው ኢንስፓየር ሲፓፕ ላቃታቸው ነው፤ ባትሪው 11 ዓመት ገደማ ሲያገለግል ለመቀየር እንደገና መቀደድ አለ። ሁለቱን መንጋጋ ወደ ፊት ማምጣት ከቀዶ ጥገናዎቹ ጉልበተኞች አንዱ ነው፣ ግን ሳምንታት ፈሳሽ መጠጣትና የከንፈር መደንዘዝ አለው። ላንቃውን ደግሞ እንደገና ለመከርከም የሚያስቸኩል ሐኪም ካለ፣ መጀመሪያ ጉሮሮው የት ጋ እንደሚዘጋ ያሳያችሁ።

ወደ አዲስ አበባ ለምትልኩ፦ የሬስሜድ ኦቶ ሲፓፕ ኤርሴንስ 10 እስከ 2,591 ሜትር ከፍታ ይሠራል፣ አብዛኛውን ከተማ ይችላል፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ግን ያልፈዋል። 220 ቮልቱም ችግር የለውም። መብራት ሲጠፋ ግን 24 ቮልት ስለሚፈልግ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ በቀጥታ አያስነሳውም፤ የራሱን ኮንቨርተር (ቮልት መለወጫ) አብራችሁ ግዙ፣ በባትሪ ሲሠራም ውሃ ማሞቂያውን አጥፉ። ማሞቂያው ውስጥ የሚገባው ውሃ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ይሁን፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ነጩን የጨው ቅርፊት አያስቀርም።