ማጣት ወይስ ማግኘት? ኢዮብና ሰሎሞን

ለእምነት የሚከብደው ፈተና የቱ ነው ቢባል ብዙዎቻችን ሳናመነታ «ማጣት» እንላለን። ኢዮብ 7000 በጎቹን፣ 3000 ግመሎቹን፣ ከሁሉ በላይ አሥር ልጆቹን አጥቷል። ያም ሆኖ «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ» አለ። በኋላ ግን ዝም አላለም፤ የተወለደበትን ቀን ረገመ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ካልተሟገትሁ አለ። (ስብከት ላይ ይህን ዘለን «ታጋሹ ኢዮብ» ማለት ይቀናናል።) ቢያማርርም አቤቱታውን ይዞ የሄደው ወደ ራሱ ወደ አምላኩ ነው።

ሰሎሞንስ? ጥበብ ለመነ፤ ሀብትና ክብር ተጨመረለት። ቤተ መቅደስ ሠራ፤ እግዚአብሔርም ሁለት ጊዜ ተገለጠለት። 1ኛ ነገሥት 11 እንደሚለው ግን 700 ሚስቶችና 300 ቁባቶች ነበሩት፤ ሲሸመግል ልቡን ወደ ሌሎች አማልክት መለሱት። የኢዮብ መከራ በአንድ ቀን ወረደ። የሰሎሞን ውድቀት ግን በድሎት መሀል፣ ቀስ እያለ መጣ።

እኔ የምፈራው የሰሎሞንን ነው። ለታመመ ወገን ጸሎት እንይዛለን፣ እንጾማለን። ቤት ለሠራ ወይም ቪዛ ለመጣለት ግን እልል ብለን፣ ድግሱን በልተን እንበተናለን። ዘዳግም 8 ላይ ሙሴ ሕዝቡን አምላካችሁን እንዳትረሱ ብሎ ያስጠነቀቀው ገና በረሃ ሳሉ፣ ጥጋቡ ሳይመጣ ነው።